ሽማግሌ ቆሞ የዋለበት ቤት

ሽማግሌ ረገጠች ተብያለሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ ከዚህ የከፋ ስም ብዙ የለም። እውነቱን ለመናገር ግን አልረገጥኳቸውም። ቆመው ነው የዋሉት። ቁሙ ያልኳቸው ደግሞ እኔ አይደለሁም።

ከመጀመሪያው ልናገር። ወለላ እባላለሁ። ዜማ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ አለችኝ። አባቷ የኋላሸት ከሦስት ዓመት በፊት ሥራ ፍለጋ ብሎ ሐዋሳ ወረደ። ሥራም አገኘ፣ ሌላ ሚስትም አገኘ፤ የጠፋበት የቤቱ መንገድ ብቻ ነው። እኔ አዲስ አበባ ላለ የአውቶቡስ ትኬት ለሚሸጥ ድርጅት በስልክ ደንበኛ አስተናግዳለሁ። ቢሮዬ ቤቴ ነው። ቤቴ ደግሞ አንድ ክፍል ነው፤ በአልጋዬና በቡታጋዜ መሀል አንዲት ጠረጴዛ አለች፣ እሷ ናት ቢሮዬ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ "ጤና ይስጥልኝ፣ ወለላ ነኝ፣ ምን ልታዘዝ?" እላለሁ። በቀን ዘጠና ጊዜ፣ በዓል ሲደርስ ከመቶም በላይ።

ሥራውስ ባልከፋ። የከፋው ቤት ውስጥ መሆኑ ነው። ለሰፈሬ ሰው ቤት የሚውል ሁሉ ሥራ ፈት ነው። "ቤት ነሽ አይደል?" የምትለዋን ነገር የምጠላትን ያህል የምጠላው የለም። ጎረቤቴ ቢልቂስ በርበሬዋን ሸራ ላይ ታሰጣና "ቤት ነሽ አይደል፣ ዶሮ እንዳይጭረው እይልኝ" ብላ ገበያ ትወጣለች። አንዷ የቤቷን ቁልፍ ታስቀምጥብኛለች፣ አንዷ የታመመ ልጇን። ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ የግቢውን በር ሁሉ የማስከፍትለት እኔ ነኝ። እድራችን እንኳ ለለቅሶ ቤት ሥራ ሰው ሲመድብ "ወለላ እንደሆነች ቤት ናት" ብሎ ከእኔ ይጀምራል።

ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላው ቀን ይጀመራል። ማጠብ፣ ማብላት፣ ማስጠናት፣ ማስተኛት፣ የነገውን ወጥ መሥራት። ድካሙ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ ቤት ሠርቷል። በእንቅልፌ ሁሉ "ምን ልታዘዝ?" እላለሁ አሉ፤ የነገረችኝ ዜማ ናት። "እኔም ውሃ ስጪኝ አልኩሽ፣ አልሰጠሽኝም" ብላ ወቀሰችኝ።

ታዲያ በጥቅምት መጨረሻ አንድ ማክሰኞ፣ ሥራ ጨርሼ ማዳመጫውን አወለቅኩና ግንባሬን ጠረጴዛው ላይ አስደገፍኩ። ለአንድ ደቂቃ ብዬ። ቀና ስል ዜማ የለችም፤ በሩም ተከፍቷል። በባዶ እግሬ ሮጬ ወጣሁ። ከአስፋልቱ ማዶ ያሉት ባለሱቅ ሐጂ ሙራድ እጇን ይዘው ሲያሻግሯት ደረስኩ። በሌላው እጇ ሁለት ዳቦ ታቅፋለች።

"አንቺ ተኝተሽ ነበር" አለችኝ፤ "ስለዚህ እኔ ራት ገዛሁ።"

ያን አስፋልት የጭነት መኪናው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ እንዴት እንደሚበርበት የማርቆስ ሰው ያውቀዋል። ያን ዕለት ዳቦውን በላን፣ እሷ ተኛች፣ እኔ አለቀስኩ። በነጋታው አናጢ ጠርቼ እጇ ከማይደርስበት ላይ መቀርቀሪያ አስመታሁ። ነገሩ በዚህ አለቀ ብዬ ነበር። ወሬ ግን መቀርቀሪያ አይዘውም፤ ሳምንት ሳይሞላው አማኑኤል ከተማ ደረሰ፣ አማቴ እትዬ ካሰች ዘንድ።

ሽማግሎቹ የመጡት ኅዳር ላይ ነው፣ ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ። ለብርሃን ብዬ በሩን ከፍቼዋለሁ። ሦስት ሆነው ገቡ። ፊት ፊት የመጡት ቄስ ወልደ ሩፋኤል ናቸው፣ የእትዬ ካሰች የነፍስ አባት፤ ነጭ ጥምጥም፣ በአንድ እጃቸው መስቀል፣ በአንድ እጃቸው መቋሚያ። ቀጥለው ጋሽ ባምላክ፣ የየኋላሸት አጎት፣ ጡረታ የወጡ መምህር። ሦስተኛውን ሳይ ነው የደነገጥኩት። ሐጂ ሙራድ! የራሴ ሰፈር ሰው፣ ዱቤ የማይከለክሉኝ፣ ልጄን ከመኪና አፍ ያወጡልኝ ሰው። እምቢ እንዳልል የእኔን ሰው ይዘው መምጣታቸው ገባኝ።

ብድግ ብዬ መስቀል ተሳለምኩ፣ አግዳሚውን በነጠላዬ ጠረግኩ። "ይግቡ፣ ይቀመጡ።"

"አንቀመጥም" አሉ ቄስ ወልደ ሩፋኤል። "የመጣንበትን ሳትፈጽሚልን አንቀመጥም።"

በእኛ አገር ይህ ቀልድ አይደለም። ሽማግሌ ቆሞ ከለመነ አስጨነቀ ማለት ነው። ባለቤቱ አባቱን የሚያህል ሰው ደጁ ላይ ተገትሮ ማየት ያሳፍረዋል፤ "እሺ፣ ብቻ ይቀመጡ" ይላል፤ ያኔ ይቀመጣሉ፣ ነገሩም ያልቃል። እሺ ሳይባል የተቀመጠ ሽማግሌ ደግሞ ልመናውን ጣለ ማለት ነው። ስንት ሴት ልጅ በዚህ መቆም ተድራለች። ስንቷስ ወደ ደብዳቢ ባሏ ተመልሳለች።

"ልጄ ወለላ" አሉ ቄሱ፣ ረጋ ብለው። "ልንወቅስሽ አልመጣንም። ደክመሻል። ፊትሽ ይናገራል። ሰው ነሽና መድከምሽ አይገርምም። ካሰች እንደሁ ቤቷ ሰፊ ነው፣ የምትታለብ ላም አለቻት፣ ብቻዋን ናት። ዜማን እሷ ዘንድ ስደጃት። እስክታርፊ ነው።"

"እስከ መቼ ነው እሱ፣ አባ?"

"እስክታርፊ ነዋ።"

ይቺን "እስክታርፊ" አውቃታለሁ። እስክታርፊ ተብሎ የተወሰደ ልጅ የሚመለሰው በሠርጉ ቀን ነው። እትዬ ካሰችን ክፉ ናቸው አልልም። የልጅ ልጃቸውን ይወዳሉ። ግን ልጃቸውን ከሐዋሳ መመለስ ስላቃታቸው የእኔን ልጅ ከእኔ ቤት መውሰድ ቀለላቸው። ይህን ሁሉ ልናገር አፌን ስከፍት ማዳመጫው ጮኸ።

"ይቅርታ አባ" ብዬ ተቀመጥኩ። "ጤና ይስጥልኝ፣ ወለላ ነኝ፣ ምን ልታዘዝ?"

ደዋዩ ከሉማሜ ነው፤ በግ ይዞ አውቶቡስ ላይ መሳፈር ይቻል እንደሆነ ይጠይቃል። አይቻልም አልኩት። በጉ ትንሽ ነው አለኝ። ትንሽም ቢሆን አይቻልም አልኩት። ለእሱም ትኬት ብቆርጥለትስ አለኝ። ይህን ስነጋገር ሦስት ሽማግሌ ራሴ ላይ ቆመዋል።

ስጨርስ ቀና ብዬ "አባ፣ ልጄን አልሰጥም" አልኩ።

"እንግዲያው አንቀመጥም።"

"እንደ ወደዱ። እኔ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ።"

አፌ ይህን ይበል እንጂ እርግማን እፈራለሁ፤ እናቴ ሽማግሌ አክባሪ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ። ግን ንዴቱም መጣ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የተቀመጠች ሴት ስምንት ሰዓት ላይ ለምን እንደደከማት አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ደክማለች ብሎ ውሃ የቀዳልኝ አልመጣም፤ ደክማለች ብለው ልጄን የሚወስዱ ሦስት ሰዎች መጡ። ስለዚህ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ጋሽ ባምላክ ሳል አለባቸው። አንዲት ደንበኛ "ማነው እዚያ የሚያስለው? ቢሮ አይደለም እንዴ?" አለችኝ። ወዲያው አዲስ አበባ ያለችው አለቃዬ ሄለን ስክሪኑ ላይ ጻፈችልኝ፦ ከጀርባሽ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ሌላ ጊዜ እንዳይደገም። የዜማን ደብተር አነሣሁና በትልልቁ "ዝምታ" ብዬ ጽፌ ለሽማግሎቹ ወደ ላይ ያዝኩላቸው። ጋሽ ባምላክ አርባ ዓመት ሙሉ ለተማሪ ያዘዙትን ትእዛዝ ሲያዩ አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ያዙ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የእኔ ድምፅ ብቻ ሆነ። ባሕር ዳር በስንት ሰዓት ይገባል፣ አምበር ላይ ያወርዳል ወይ፣ ሻንጣዬ ጠፍቶ። ግማሽ ሰዓት ሄደ። ከዚያ ሐጂ ሙራድ በመሀል አንዲት ክፍተት ጠብቀው ወደ እኔ ጎንበስ አሉና በሹክሹክታ ተናገሩ።

"ወላሂ ወለላ፣ ነገሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለክፋት አይደለም። ይቺ ልጅ እናቷ ብትተኛባት ራት ገዝታ ልታበላት መጣች፣ አላህ ያሳድጋት ብዬ ለሰው አወራሁ። ሰው ዳቦውን ትቶ መንገዱን አነሣ። እኔ ለዚህ መቆም የለብኝም።" ይህን ብለው አግዳሚው ላይ ሄደው ተቀመጡ።

ቄስ ወልደ ሩፋኤል በዐይናቸው ገላመጧቸው። ሐጂ ግን ጫማቸውን ያያሉ። ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ባምላክ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፣ አንዴ ወደ ቄሱ፣ አንዴ ወደ አግዳሚው ተመለከቱ። "ለጊዜው ነው" አሉ ቀስ ብለው፣ "ጉልበቴ ነው እንጂ አሳቤ ቆሟል።" ተቀመጡ።

ሳቄ መጣ። ሁለቱ ተቀመጡ፣ አንድ ቀረ ብዬ ቄሱን ቀና ብዬ ሳይ ግን ሳቄ ጠፋ። ብብታቸውን መቋሚያው ላይ ጣል አድርገው፣ ዐይናቸውን ገርበብ አድርገው ቆመዋል። እኚህ ሰው ሃምሳ ዓመት ማኅሌት የቆሙ ናቸው። ከምሽት እስከ ንጋት፣ በየበዓሉ፣ በጦም አፍ። ለእሳቸው የእኔ ቤት ሦስት ሰዓት ምንም አይደለም። መቆምን ከእኚህ ሰው ጋር ልወዳደር ያሰብኩት እኔ ነኝ ሞኟ።

ያኔ ነው የተነሣሁት። ላፕቶፑን ካርቶን ላይ ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩና ወንበሬን በእግሬ ገፋሁት። እሳቸው ቆመው ተቀምጬ መዋሌ ነውር ነው፤ እሱ አንድ ነገር ነው። ዋናው ግን እልህ ነው። መቆም ማስጨነቂያ ከሆነ እኔም እችላለሁ አልኩ። ቄሱ ዐይናቸውን ከፈቱ፣ አዩኝ፣ መልሰው ገርበብ አደረጉ። ትይዩ ቆመናል፤ እኔ "ጤና ይስጥልኝ፣ ወለላ ነኝ" እላለሁ፤ እሳቸው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ዳዊት ይመስለኛል።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የትምህርት ቤቱ ባጃጅ ዜማን አወረዳት። በር ላይ ጫማዋን አወለቀች፣ ቦርሳዋን በቀስታ አስቀመጠች። ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ካለ አትናገርም፤ እኔና እሷ ለዚህ የእጅ ቋንቋ አለን። እጅ ሆድ ላይ ሲሆን ርቦኛል ነው። ሁለት ጣት ሲነሣ ትንሽ ጠብቂ። መዳፍ ወደ በሩ ሲዘረጋ ከበሩ እንዳታልፊ፤ ይቺኛዋ ከዳቦው በኋላ የመጣች ናት። ጉንጭ መዳፍ ላይ ሲጋደም ደክሞኛል፣ ወይም ደክሞሻል፤ እንደ ጠቋሚው ነው።

ሽማግሎቹን አየቻቸው፣ አልፈራችም። መስቀል ተሳለመች። እጇን ሆዷ ላይ አደረገች፤ ወደ ሰሐኑ ጠቆምኳት። ከድኜ ያስቀመጥኩላትን ቂንጬ አውጥታ በላች፣ ሰሐኗን አጠበች፣ ዱካዋን፣ ያቺን ትንሽ በርጩማዋን፣ ከጠረጴዛዬ ሥር ስባ ፊደሏን መጻፍ ጀመረች። አንድም ድምፅ የለም። ጋሽ ባምላክ አንገታቸውን አስግገው ደብተሯን ያያሉ። እኔ የሐዋሳ ትኬት እየቆረጥኩ ነው፤ ያውም የሐዋሳ!

ቄስ ወልደ ሩፋኤል ጎንበስ አሉ። "ዜማ፣ ልጄ" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "አያትሽ ዘንድ አማኑኤል ሄደሽ መኖር..."

"እሽሽሽ!"

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ነው። ቄሱን! ሐጂ ሙራድ በሳቅ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ዜማ ተነሥታ በእግሯ ጣት ቆመችና ወደ ቄሱ ጆሮ አንሾካሾከች፤ እኔም ሰማሁት።

"እማዬ ሥራ ላይ ናት። ሥራ ላይ ስትሆን አይጮህም።"

ቄሱ ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ የማላውቀው ነገር ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ ዕረፍት አለኝ። ማዳመጫውን አወለቅኩ። እግሬ ከጉልበት በታች የእኔ መሆኑን አላውቅም፤ ግን አልተቀመጥኩም።

"አባ" አልኩ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ አይቆጡኝ። ሌሊቱን ማኅሌት ቆመው፣ ጠዋት ቀድሰው፣ ቤትዎ ገብተው እንቅልፍ ሲጥልዎት፣ ቄሱ ደክመዋልና ታቦቱን ለሌላ ደብር እንስጠው ብሎ ሽማግሌ የላከብዎት ሰው አለ?"

ጋሽ ባምላክ "አንቺ ልጅ!" አሉ።

"የለም" አልኩ ለራሴ መልሼ። "ምነው ደከሙ፣ ይረፉ፣ የሚያግዝዎት ዲያቆን እንላክ ነው የሚሉዎት። እኔስ? ደክሞኛል፣ አልክድም። ጠረጴዛ ላይ እንቅልፍ ጥሎኛል፣ ልጄም አስፋልት ተሻግራለች። እስክሞት የሚቆጨኝ ነው። መቀርቀሪያም አስመትቻለሁ፤ ያውና። ግን መድከም ልጅ የሚያስነጥቅ ጥፋት ከሆነ በዚህ ከተማ ልጅ የሚቀርላት እናት አትኖርም። ድካሜን ውሰዱልኝ ቢሉኝ በሁለት እጄ እሰጥዎታለሁ። ልጄን አልሰጥም።"

ቄሱ መቋሚያቸውን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወሩ። መቼም ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ። እምባዬ መጥቶ ነበር፤ እንዲያዩት አልፈለግኩም፣ ግን አዩት።

ዜማ ከደብተሯ ቀና ብላ ሁላችንንም ስታይ ቆየች። ከዚያ ወደ ቄሱ ጠቆመችና ጉንጯን መዳፏ ላይ አጋደመችልኝ። ደክሟቸዋል? ማለቷ ነው።

ራሴን ነቀነቅኩ። አዎ፣ ደክሟቸዋል።

ተነሣች። ዱካዋን በሁለት እጇ እየጎተተች ወስዳ ከቄሱ ኋላ አስቀመጠች። አቧራ ያለበት ይመስል በእጇ መታ መታ አደረገችው። ከዚያ የቀሚሳቸውን ጫፍ ይዛ ቁልቁል ሳብ አደረገቻቸው።

ቄስ ወልደ ሩፋኤል ዱካዋን አዩ። ሐጂ ሙራድን አዩ፣ ጋሽ ባምላክን አዩ። እዚያ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የዚያን መቀመጥ ትርጉም ያውቃል፤ ከዜማ በቀር። ረጅም ጊዜ ቆሙ። በመጨረሻ መቋሚያቸውን ግድግዳ ላይ አስደገፉና በአምስት ዓመት ልጅ ዱካ ላይ፣ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ምንም ሳይቀረው፣ ተቀመጡ።

"እፎይ" አሉ። "ለካ ደክሞኝ ኖሯል።"

ማንም አልሳቀም። እኔም ያን ጊዜ ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ፤ እግሬ ይዘምራል።

"ካሰችን ምን ልበላት?" አሉኝ ቄሱ። አሁን ድምፃቸው የሽማግሌ ሳይሆን የሰው ነው።

"ደክሟታል ይበሏት፤ እውነት ነው። ልጇን አትሰጥም ይበሏት። የልጅ ልጃቸው ከናፈቀቻቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ይምጡና እዚሁ ይዘዋት ይዋሉ፣ ወለላ ልትተኛበት ይበሏት።"

"እላታለሁ" አሉ። "እሷ እሺ ባትል እኔው እልክልሻለሁ፣ አንዲት ደህና ሴት።" መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ፣ ዜማንም ባረኩ። ዜማ ሲወጡ መዳፏን ወደ በሩ ዘረጋችባቸው፤ ማለፍ የተከለከሉ መስሏት ነው።

የቀረችኝን ሰዓት እንዴት እንደሠራሁ አላውቅም። አሥራ አንድ ሲል ማዳመጫውን አወለቅኩ፣ ላፕቶፑን ከደንኩ፣ መቀርቀሪያውን ዘጋሁ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ዜማ ጉንጯን መዳፏ ላይ አጋድማ ወደ እኔ ጠቆመች።

"አዎ" አልኳት፣ በድምፄ። "በጣም።"

አልጋው ላይ ተጋደምን፣ እሷ በግድግዳው በኩል ደብተሯን ይዛ። ዐይኔ ሊከደን ሲል በሩ ተንኳኳ። ቢልቂስ ናት።

"ወለላ! ቤት ነሽ አይደል? በርበሬውን አስገቢልኝ፣ እኔ መውጣቴ ነው!"

በሌላ ቀን ቢሆን እንደ ሌባ ተስፈንጥሬ እነሣ፣ ፊቴን እጠርግ፣ ተኝቼ እንደነበር እደብቅ ነበር። እንኳን ከቢልቂስ ከራሴም እደብቅ ነበር። ያን ቀን ትራሱን እንኳ አልለቀቅኩም።

"ቤት ነኝ!" ብዬ ጮህኩ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ፣ አማኑኤል ድረስ ቢሄድም ግድ አልነበረኝም። "ቤት ነኝ፣ ደክሞኛል፣ ተኝቻለሁ!"

ከዚያ ቢልቂስ ሸራዋን ራሷ ስትጎትት ተሰማኝ። ዜማ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ በሩ "እሽሽሽ" አለች።

ተኛሁም።